ደጋ የወጣው አምባዛ

ሰኔ 9 ቀን 2017

ዛሬ ከአልዩ አምባ ተመለስኩ። የልጄን የዘሥላሴን ዕቃ ይዤ መጣሁ። አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ይህ ደብተር። ሸሚዞቹ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ተጣጥፈው ነው የጠበቁኝ። ማን ተኩሱልኝ አለ? ስምንት ወር ሙሉ ቆላ ለመውረድ ልቤን ሳደፋፍር የከረምኩት ለጠረኑ ነበር። አሁን የሚሸተው የሌላ ሰው ቤት ሳሙና ነው።

ያጠበችው ጠይባ ናት፣ የሐቢብ እናት። ልጄ ከሐቢብ ጋር የዓሣ ኩሬውን ሲሠራ ሦስት ዓመት የኖረው በእሷ ግቢ ነው። ወባ ይዞት የታመመውም እዚያው ነው። ለምን ሐኪም አላሳየችውም? ይህን ለቅሶ ላይ በሰው ፊት ጠይቄአታለሁ። አንገቷን ደፋች።

የደብተሩ ግማሽ ባዶ ነው። እኔ እስከ ስምንተኛ ተምሬአለሁ፣ ስጽፍ ግን ቀስ ብዬ ነው። እሱ ካቆመበት እቀጥላለሁ። ባዶው ወረቀት ለሌላ ሰው እንዳይተርፍ።

ሰኔ 11

ዝናብ። ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር ስፈትል ዋልኩ። ከሰዓት ደብተሩን ከፈትኩ።

ሁሉም ስለ ወንድ ዓሣ ነው። የሴቶቹን ሐቢብ ይመዘግብ ነበር አሉ፣ የወንዶቹን ልጄ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦

"አምባዛ ወንድ ይሁን ሴት ለመለየት በጀርባው አስተኝተህ ሆዱን ተመልከት። ከፊንጢጣው ቀጥሎ ረዘም፣ ሾል ያለ፣ ጫፉ ቀላ ያለ ነገር ካለው ወንድ ነው። ክብና ደፍጠጥ ያለ ከሆነ ሴት ናት። ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ ብትሸፍነው አይፈራገጥም።"

መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ። ልጄ እንዲህ ዓይነት እጅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሰው ልጅሽ ምን ይሠራል ሲለኝ "ያው፣ የዓሣ ነገር" ነበር የምለው።

ሰኔ 14

ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ አንድ ነገር አለ። ጠይባ ዕቃውን ስታስረክበኝ "ዘሥላ አምባዛን በሚጥሚጣ ሲወድ" አለች። ዘሥላ። ስሙ ዘሥላሴ ነው። ክርስትና ያስነሣሁት እኔ ነኝ። እኔ አንድም ቀን ዘሥላ ብዬው አላውቅም። እሷ ስትለው ግን አፏ ላይ የቆየ ስም ይመስላል።

ለፋሲካ አንድ ጊዜ ዓሣ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ሥጋማ ቢላዋ ይለየዋል፣ የእስላም የክርስቲያን ይባላል፣ ዓሣ ግን ቢላዋ የለውም፣ ሁላችንም አብረን እንበላዋለን አለኝ እየሳቀ። እኔ ቅርፊት የሌለው ዓሣ በመጽሐፍ ተከልክሏል ብዬ ለጎረቤቴ ለመስከረም ድመት ሰጠሁት። ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህ ይዞ አልመጣም። እዚያው በላው። በሚጥሚጣ።

ሰኔ 19

ወረድኩ ደግሞ። ኩሬውን ልይ ብዬ።

ሐቢብ ጥሩ ልጅ ነው፣ ይህን ልጽፈው ይገባል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከልጄ በሁለት ወር ያንሳል። እጄን ይዞ በጭቃው አሻገረኝ። አምና ጎርፍ ያልወሰደውን አንድ ትልቅ ወንድ በመረብ አውጥቶ አሳየኝ። አለቃ ይሉታል። ክንድ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጢማም። ጭራው ላይ ልጄ በምላጭ ያበጀው ሁለት ጭረት አለ። ልጄ ነው ጣት ከሚያህልበት ጊዜ አንስቶ ያሳደገው። ሌሎቹ ወንዶች ገና ጎረምሶች ናቸው፣ ዘራቸው አልበሰለም። ሴቶቹ አራት ናቸው። ዘንድሮ ጫጩት የሚገኘው ከአለቃ ብቻ ነው።

ጎኑ ላይ ንክሻ አየሁ። ሐቢብ ክረምት ሲገባ ወንዶቹ ደማቸው ይሞቃል፣ ይነካከሳሉ አለኝ። ውሃው ሞቆ ደፍርሶ ነበር። አሳዘነኝ።

"ልጄ ያሳደገው ነው፤ ደጋ ላውጣውና ይረፍ" አልኩት። "ሲያስፈልጋችሁ አመጣዋለሁ።"

መሬት መሬት እያየ "እማማ፣ ብርድ ብዙም አይወድም" አለኝ።

"ልጄም ቆላ አይወድም ነበር" አልኩት።

ጀሪካን ሊፈልግ ሄደ። ሐዘንተኛ እናትን ማን እምቢ ይላል? እኔም ይህን አውቄ ነው የተናገርኩት። ጠይባ ከበረንዳዋ ታየናለች። የዓሣው ጭንቅላት በጆንያ ተሸፍኖ አፉ የተቀደደ ጀሪካን ውስጥ ሲገባ አንድ እርምጃ መጣችና ተመለሰች። እሷ ስላየችም ደስ አለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሳቁብኝ። ረዳቱ "እትዬ፣ ለእሱ ቦታ ይያዛል ወይስ ይታቀፋል?" አለኝ። ኋላ ያለው ሰውዬ ደግሞ "ጢሙን አታይም እንዴ፣ ሽማግሌ ነው፣ ተነሥተህ አስቀምጠው" አለው። እኔም ሳቅኩ። ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር።

ሰኔ 20

በርሜሉን ማድ ቤት አቆምኩ። የዝናብ ውሃ ሞላሁ። ንጹሕ፣ ብርጭቆ የመሰለ። ከቆላው ጭቃ ይሻለዋል።

ሰኔ 27

ሐቢብ ደወለ። ሰላም ነሽ ወይ፣ አለቃስ አለ። ደህና ነው አልኩት። በቀጥታ መልሺው ሳይለኝ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠየቀኝ። ይረፍ፣ ገና ነው አልኩት።

ከኋላ የጠይባን ድምፅ ሰማሁ፣ "እንዳታስጨንቃት" ትላለች። ለእኔ ማዘኗ ነው። ማን እዘኝልኝ አላት።

ሐምሌ 5

ጾሙ ተፈታ። መስከረም ገባችና በርሜሉን ከፍታ ጮኸች። "ይታይሽ፣ እባብ ነው ቤትሽ ያስገባሽው!" አለች። ዓሣ ነው አልኳት። "ጢም ያለው ዓሣ ካየሁ ቄስ ነው የምጠራው።" ከዚያ ተቀምጣ ተመለከተችው፣ ብዙ ቆየች። ስትወጣ በር ላይ ቆማ "ለመሆኑ ይበላል?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

አይበላም። ከመጣ ጀምሮ የሰጠሁት ፍርፋሪ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ያድራል። ሐዘን ይሆናል። እኔም ሰባት ኪሎ ቀንሻለሁ።

ሐምሌ 12

ዛሬ አራተኛውን ገጽ አነበብኩ። ይህን ገጽ ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ከፊደሉ ሳይሆን ከነገሩ።

"ሴቷ ስትደርስ ሆዷን ቀስ ብለህ ስትጫን እንቁላሏን ትሰጣለች፣ ተመልሳ ውሃ ትገባለች። ወንዱ እንዲህ አይደለም። የቱንም ያህል ብትጫነው አይሰጥህም። የዘር ፍሬዎቹ ሁለት ናቸው፤ ከአከርካሪው ሥር ግራና ቀኝ ረዝመው የተኙ፣ ጠርዛቸው የተሸበሸበ። በበጋ ቀጭንና ግራጫ ናቸው። ክረምት ሲገባና ኩሬው ሲሞላ ያብጣሉ፣ እንደ እርጎ ይነጣሉ። ለማውጣት ወንዱን ከመግደል ሌላ መንገድ አልተማርንም። ወንድ አምባዛ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በትክክለኛው ሳምንት ይሁን።"

ታዲያ ሐቢብን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሊያርደው። የጠይባ ልጅ፣ ልጄ ያሳደገውን ዓሣ አርዶ፣ ዘሩን አውጥቶ፣ ጫጩቱ ሲፈለፈል ወረዳው መጥቶ ለሐቢብ ያጨበጭብለታል። ፎቶ ይነሣል። እናቱ አጠገቡ ትቆማለች፣ ሽቶ ተቀብታ። ልጇ አለ። የልጄም ሥራ ልጇ ይሆናል።

አይሆንም።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ጾም ከተፈታ በኋላም ኃጢአት ነው። አውቃለሁ።

ሐምሌ 19

ሐቢብ ራሱ መጣ። ሸሚዙ በዝናብ ርሶ ተለጥፎበት። የልጄን ደረቅ ሸሚዝ ላውጣለት አልኩና ተውኩት። ፎጣ ሰጠሁት።

ነገሩን ነገረኝ። ኩሬው የተሰጣቸው ጫጩት ሊያስፈለፍሉበት ነው። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ጫጩት ካላሳዩ ቦታው ለሌላ ማኅበር ይተላለፋል። ልጄ በእጁ የቆፈረው ኩሬ። የውሃ መግቢያውን ድንጋይ የደረደረው እሱ ነው፤ ሁለት ክረምት።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወደ በርሜሉ ሄዶ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ። እጁን ሲያወጣ ፊቱ ተለወጠ። ወዲያው መልሶ አስተካከለው።

"ምነው?" አልኩት።

"ምንም፤ ቀዝቀዝ ብሏል።"

በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ አመጣዋለሁ አልኩት። ሲወጣ እጄን ሳመ። ልጄን ለምን ሐኪም ቤት አላደረሳችሁትም ብዬ ልጠይቀው ነበር። ስንተያይ ግን ጥያቄውን እኔ ነኝ የፈራሁት። ለምን እንደ ፈራሁት አላውቅም።

ሐምሌ 20

ቀጣዩ ገጽ "ስለ ውሃ ሙቀት" ይላል። ዓይኔ ደክሟል። ነገ።

ሐምሌ 22

ቀን ሙሉ ጉም። ማንበብ አልሆነልኝም።

ሐምሌ 26

አለቃ በርሜሉ ውስጥ ከታች ተጋድሟል። ስነካው ይንቀሳቀሳል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ። አልፎ አልፎ አየር ሊስብ ብቅ ይል ነበር፣ አሁን እሱም ረዘመ። በርሜሉን በባና ጠቀለልኩት።

ያው ባና ነው። ልጄ ጥቅምት ላይ ከቆላ ሲመጣ ያለበስኩት። ሐሙስ ማታ ገባ፣ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጠሁት። ዓርብ ላበው፣ ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ስሜን ሳተ። መኪና ለምነን ደብረ ብርሃን አደረስነው። እዚያ የተቻላቸውን አደረጉ፣ ግን ዘግይታችኋል አሉን። ዘግይታችኋል ያሉት እኛን ነው። እኔ ደግሞ በልቤ ወደ ጠይባ አሳለፍኩት።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። አሞኛል አለኝ። ማንኛዋም እናት የምትለውን አልኩት።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ቅዳሴ ቆሜ አንድም ቃል አልሰማሁም። ስመለስ ደብተሩን ከፈትኩ። አጭር ገጽ ነው። ለዚህ ነው አሥራ አንድ ቀን የሸሸሁት፦

"ከሁሉ የሚበልጠው ሙቀት ነው። ውሃው ከቀዘቀዘ ወንዱ መብላት ያቆማል፣ የዘር ፍሬዎቹ ይከሳሉ፣ ነጩ ነገር ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ዓሣው ግን አይሞትም፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ስለዚህ ሰው ይሳሳታል። እኛ አገር ለታመመ ሁሉ ደጋ መውጣት ነው መድኃኒቱ፤ ለዚህ ግን አይሆንም።"

ወዲያው ለሐቢብ ደወልኩ። አመጣዋለሁ፣ ዛሬውኑ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። እንግዲያው ዛሬ ማታ ለሴቶቹ እንቁላል የሚያበስለውን መርፌ እንወጋለን፣ ከተወጉ በኋላ ግን እንቁላላቸው አይቆይም፣ በነጋታው መውጣት አለበት አለ። አንድ ቀን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ቢያድር ይሻለው ይሆን አልኩት። "እንሞክራለን፣ እማማ" አለኝ።

ነሐሴ 2፣ አልዩ አምባ

የልጄ ክፍል ውስጥ ነው የምጽፈው። አዳሩንም እዚሁ ነበርኩ።

ጠዋት ከኩሬው ዳር ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። ሴቶቹ ሲጫኑ እንቁላሉ እንደ አረንጓዴ ጤፍ ወደ ሣህኑ ወረደ። ብዙ ነው፣ ሣህን ሙሉ። ጠይባ ሣህኑን ይዛለች። ውሃ እንዳይነካው አፏን በነጠላ ሸፍና፣ ትንፋሽዋን ይዛ። ሥራውን ታውቀዋለች። ልጄም እንዲህ ሲሠራ ሣህኑን የያዘችለት እሷ ናት ማለት ነው። እኔ ጆንያ ይዤ ቆምኩ።

ሐቢብ የአለቃን ዓይን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነ። አለቃ አልተፈራገጠም። ጭንቅላቱን በአንድ ምት መታው፣ ሆዱን ከፈተው። አንጀቱን ወደ ጎን አድርጎ ከአከርካሪው ሥር ፈለገ። ሁለት ክር። ግራጫ፣ የፈትል ቁራጭ የመሰሉ። እኔ ፀጉር ፈታይ ነኝ፣ ክር አውቃለሁ።

ሐቢብ በመቀስ ቆራርጦ በጨርቅ ጨመቃቸው። ወተት የሚያህል ነገር መውጣት ነበረበት። ጥቂት ደፍራሽ ጠብታ ወጣ። እንቁላሉ ላይ አፈሰሰው፣ በላባ አማሰለው፣ ውሃ ጨመረበት። ይህን ያስተማረው ልጄ ነው።

ሕይወት ካለው እስከ ነገ ማታ አረንጓዴ ይቆያል፣ የሞተው ይነጣል አለኝ።

ነሐሴ 3

ነጣ። ጠዋት እንደ በቆሎ እሸት ዳር ዳሩን፣ ቀትር ላይ መሐሉን። ከሰዓት እንቁላሉ የተዘረጋበት ማጥለያ ሁሉ ነጭ ነበር። ሐቢብ በጠብ ጠብ ማድረጊያ ነጩን እየለቀመ፣ የቀረውን ቆጠረ። መቶ ምናምን አረንጓዴ። ኩሬው አሥር ሺህ ይፈልጋል።

የወረዳው ባለሙያ ደወለለት። በረንዳው ላይ ነበርን፣ ሦስታችን። ሐቢብ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ሲል ሰማሁት። "ወንዱን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀመጥኩት። አዎ። እኔ ነኝ። ቦታውን ብትወስዱም ቃል የለኝም።"

ተነሥቼ ስልኩን ከእጁ ወሰድኩ። የምናገረውን አላዘጋጀሁም። የዘሥላሴ እናት ነኝ አልኩ፣ ዓሣው ብርድ አይወድም ብሎ ሐቢብ ነግሮኛል፣ ሰምቼ ነው የወሰድኩት፣ ስድስት ሳምንት ሲለምኑኝም አልሰጠሁም፣ ስለ ቀናሁ ነው አልኩ። ለማላውቀው ሰው፣ በስልክ። ሰውየው ጎረምሶቹ ወንዶች መቼ ይደርሳሉ ብሎ ጠየቀ። ሐቢብ ስልኩን ተቀብሎ ውሃው ሙቀቱን ከያዘ መስከረም መጨረሻ አለው። እስከ መስከረም መጨረሻ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን በእኔ እጅ አይደለም አለ ሰውየው።

ሐቢብ ወደ ኩሬው ሄደ። ከጠይባ ጋር ቀረን። አንድ ነገር ሲፈታ ሌላውም ይከተላል። አላስቻለኝም።

"ለልጄም እንዲሁ ነው ያልኩት" አልኳት። "ያን ዕለት ሲደውልልኝ። ቆላ ምን ታደርጋለህ፣ ሐኪም ቤት ምን ያደርግልሃል፣ ደጋ ውጣ ይሽርሃል አልኩት።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነኝ።"

አሥር ወር። ለቅሶ ቤት በሰው ፊት ለምን ሐኪም አላሳየሽውም ብዬ ስጠይቃት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያያት፣ ታውቅ ነበር። አንገቷን የደፋችው እኔን ሸፍና ነው። ለልጇ እንኳ አልነገረችውም። ከዚህ የበለጠ ምን ትወስድብኛለች ብዬ ተናደድኩ። ኃጢአቴንም ከእኔ በፊት ይዛው ኖራለች።

ከዚያስ ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት። ልትነግረኝ አልፈለገችም። ለመንኳት።

"ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ጤና ጣቢያ ልናደርሰው። 'እናቴ ውጣ ካለችኝ እወጣለሁ' አለ። አልተከራከርኩትም፤ እናት ነሽ። ጎንበስ ማለት አቅቶት ነበር። ጫማውን አሰርኩለት። በጉዞ እንዳይፈታበት ሁለት ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።"

ሐሙስ ማታ ያን ጫማ የፈታሁት እኔ ነኝ። ቋጠሮው እምቢ ብሎኝ ነበር። በጥርሴ ነው የፈታሁት። "ይህን ማን ነው እንዲህ ያሰረው?" ብዬ ተቆጣሁት፣ ሳቅ አለ፣ አልነገረኝም።